የትኛው በለስ?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። ለበለስ ስም ያወጣው መልአክ ግን የዚያን ዕለት ሥራ ሳይበዛበት አልቀረም፤ አንዱን ስም ፈጽሞ ዘመድ ላልሆኑ ሁለት ተክሎች ሰጥቶ ሄዷል። ውድ አንባብያን፣ «የጋዜጠኝነት ተማሪ ከበለስ ጋር ምን አገናኛት?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም መጀመሪያ እንደዚያው ብዬ ነበር። ነገር ግን ለቤታችን ግቢ አንድ የበለስ ዝርያ ለመምረጥ የሄድኩበት መንገድ፣ ክፍል ውስጥ ስለ ምንጭ ከምንማረው ጋር እየተመሳሰለብኝ ስለመጣ ለቡሌቲናችን ልጽፈው ወሰንኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮተቤ ያለው ግቢያችን ጠባብ ነው። ከኩሽናው ጀርባ ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር የማትሞላ ባዶ ቦታ አለች። እዚያ የነበረው የኮክ ዛፍ ደርቆ ከተቆረጠ ወዲህ እማዬ «ጎመን ልትከልባት» ስትል፣ አባዬ «የዕቃ ማስቀመጫ በቆርቆሮ ልሥራባት» ሲል ሁለት ዓመት አለፈ። በመጨረሻ አያቴ ጣልቃ ገቡ። «በለስ ትከሉባት» አሉ። አያቴ ሰማንያን አልፈዋል፤ ተወልደው ያደጉት ራያ ነው፤ በቤታችን የእሳቸው ቃል መሬት አይወድቅም። «አንቺ መጠየቅ አይደል የምትማሪው? እስቲ ጠይቀሽ ደህናውን አምጪ» ተባልኩና ሥራው እኔ ላይ ወደቀ።

ቀላል ሥራ አልነበረም። ለእኔ ዕድሜ ሰው የማያፈራ ዛፍ መትከል ማለት አራት አምስት ዓመት ማባከን ነው፤ ተነቅሎ ሌላ ይተከላል። ሰማንያን ላለፈ ሰው ግን «ሌላ እንተክላለን» የሚባለው ነገር እምብዛም አያጽናናም። ያለችን ቦታ አንዲት ናት፤ አያቴም የሚጠብቁት አንዱን ዛፍ ነው።

አንድ ስም፣ ብዙ ተክል

ጥያቄዬን ከቤት ጀመርኩ። ታናሽ ወንድሜ «በለስማ ያ በክረምት በየመንገዱ ዳር በባልዲ ይዘው በቢላ እየላጡ የሚሸጡት ነው» አለኝ። አልተሳሳተም። ያ ተክል ግን ቁልቋል ነው፤ የትውልድ አገሩም ሜክሲኮ ነው። የሳይንስ ስሙ ራሱ በላቲን «የሕንድ በለስ» እንደማለት ስለሆነ፣ ስም የቀላቀልነው እኛ ብቻ አይደለንም ማለት ነው።

እማዬ ደግሞ «ኧረ በለስ የመጽሐፍ ቅዱሱ ነው፤ አዳምና ሔዋን ቅጠሉን የሰፉት» አለች። ሱፐርማርኬት ውስጥ ደርቆና ተጠፍጥፎ፣ ታሽጎ የሚሸጠው የእሱ ፍሬ ነው። አባዬ ይህን ሲሰማ «እሱማ የዋርካ ዘመድ ነው፤ ግድግዳችንን ሊሰነጥቀው ነው» ብሎ ተነሳ። እሱም እውነት አለው። በለስ፣ ሾላ፣ ዋርካና ችብሃ በሙሉ ከ800 በላይ አባላት ያሉት የአንድ ወገን ልጆች ናቸው። ዘኬዎስ የወጣበት ሾላም ከዚሁ ወገን ነው። የበለስ ሥር ውኃ ፍለጋ ሩቅ ይሄዳል፤ ስለዚህ ከውኃ ቧንቧና ከመጸዳጃ ጉድጓድ መራቅ አለበት። ዛፉ ካልተገረዘም ከአምስት ሜትር በላይ ይወጣል። የአባዬን ስጋት ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት።

እንግዲህ ሦስቱም «እምዬ ያሉት እኔ ያልኩትን ነው» እያሉ ተከራከሩ። የሚገርመው ግን እምዬን የጠየቀ አንድም ሰው አለመኖሩ ነው። ሄጄ ጠየቅኳቸው። «እምዬ፣ የትኛውን በለስ ነው የፈለጉት?»

«እሾኻሙንማ ልጅ ሆኜ በማለዳ፣ ጤዛው ሳይደርቅ፣ ስለቅም ነው ያደግኩት። እሱ ሲያምረኝ ከገበያ ይገዛልኛል» አሉ። «የመጽሐፉን በለስ ግን ስሙ ሲነበብ ስሰማ ኖርኩ እንጂ ዛፉን በዓይኔ አላየሁትም። እሱን አሳዪኝ።»

የቤተሰቡ ክርክር በዚህ አበቃ። የእኔ ሥራ ግን ገና መጀመሩ ነበር፤ ምክንያቱም የመጽሐፉ በለስ ራሱ በመቶ የሚቆጠሩ ዝርያዎች አሉት።

አበባው የተደበቀ ዛፍ

ዝርያ ለመምረጥ መጀመሪያ የፍሬውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። በለስ ሲያብብ አይታይም፤ አበባው ያለው ፍሬ በምንለው ነገር ውስጥ ነው። በፍሬው ጫፍ ዓይን የምትባል ትንሽ ቀዳዳ አለች። አንዳንዱ ዝርያ ፍሬው እንዲበስል አንዲት ደቃቅ ተርብ በዚያች ቀዳዳ ገብታ፣ ከወንዴው ዛፍ ያመጣችውን ዱቄት ማድረስ አለባት። ተርቧ ካልመጣች ፍሬው ሳይበስል ይረግፋል። ሌላው ዝርያ ደግሞ ያለ ተርብ፣ ያለ ወንዴ ዛፍ፣ ብቻውን ያፈራል። «ታዲያ ሾላው ላይ ያለችው ተርብ አትበቃም ወይ?» ትሉ ይሆናል። አትበቃም። ሾላ የራሱ ተርብ አለው፤ የበለስም ተርብ ሌላ ናት።

ስለዚህ ለአንድ ዛፍ ብቻ ቦታ ላለው ግቢ የሚሆነው ብቻውን የሚያፈራው ወገን ነው። ወንድሜ ከደረቀው በለስ ፍሬ አውጥቶ በጣሳ ሊዘራ ሲል የከለከልኩትም ለዚህ ነው። ከቱርክ የሚመጣው የደረቀ በለስ በአብዛኛው ተርብ የሚፈልገው ዓይነት ነው። ከዘሩ ከሚበቅሉት ችግኞችም ግማሽ ያህሉ ለመብል የማይሆን ወንዴ ይሆናሉ፤ የቀሩትም እናታቸውን አይመስሉም። በለስ የሚባዛው በቅርንጫፍ ቁራጭ ነው፤ ቁራጩ ቁርጥ እናቱን ይሆናል።

ብቻቸውን ከሚያፈሩት ውስጥ በዓለም ላይ ስማቸው የሚነሳ አራቱን ወሰድኩ። «ብላክ ሚሽን» ጥቁርና ጣፋጭ ነው፤ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. ከ1769 ጀምሮ ካሊፎርኒያ ከሰፈሩት ሚሲዮናውያን ነው። ነገር ግን ዛፉ በጣም ይገዝፋል፤ ሙቀትም ይወዳል። «ካዶታ» ቢጫማ አረንጓዴ ነው፤ ሲበስል ዓይኑን እንደ ማር ያለ ጠብታ ስለሚደፍነው ነፍሳት እንደ ልብ አይገቡበትም። እሱም የሙቀት ወዳጅ ነው። «ብራውን ተርኪ» እንደ እንግሊዝ ባለ ቀዝቃዛ አገር እንኳ ደጅ ተተክሎ ያፈራል፤ አጥብቀው ቢገርዙትም በአዲሱ ቅርንጫፍ ላይ ፍሬ ይይዛል። ችግሩ ዓይኑ እንደ ሌሎቹ ጥብቅ አለመሆኑ ነው። «ሰለስት» ደግሞ ትንሽ፣ ጣፋጭ፣ ዓይኑ የተዘጋ ነው፤ ዝናብ ሲበዛ ቶሎ አይኮመጥጥም። ግን አጥብቀው ከገረዙት ፍሬው ይቀንሳል።

አሁን የእኛን ግቢ አስቡት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ ነው፤ ዝናብ ደግሞ የበሰለ በለስን ያፈነዳል፣ ያኮመጥጣል። ቦታው ጠባብ ስለሆነ በየዓመቱ መግረዝ ግድ ነው። ብርዱና መግረዙ ወደ ብራውን ተርኪ ሲወስደኝ፣ ዝናቡ ወደ ሰለስት ይመልሰኛል። ሁሉን ያሟላ አላገኘሁም።

የሌላኛው «ቡሌቲን» ታሪክ

ይህን ሳነብ አንድ ታሪክ አገኘሁ፤ ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች የተጻፈ ነው የሚመስለው። በሳን ፍራንሲስኮ «ቡሌቲን» የሚባል ጋዜጣ ነበር (ከእኛዋ ጋር ዝምድና የለውም!)። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ ይህ ጋዜጣ ከሰምርኔስ፣ ከዛሬዋ ኢዝሚር፣ በሺህ የሚቆጠሩ የበለስ ቁራጮች አስመጥቶ ለደንበኞቹ አደለ። ዝርያው በዓለም የታወቀው፣ ምርጡ የሰምርኔስ በለስ ነበር። ዛፎቹ አማረባቸው፣ ፍሬም ያዙ፤ ፍሬው ግን ሳይበስል ረገፈ። በየዓመቱ ረገፈ። «የሰምርኔስ ነጋዴዎች የማይረባ ቁራጭ ሸጡልን» ያሉም ነበሩ።

ማንም አላታለላቸውም። ስሙ ትክክል፣ ዝርያውም ትክክል ነበር። የቀረችው ተርቧ ናት። የሰምርኔስ ገበሬዎች የወንዴውን በለስ ፍሬ እየቆረጡ በእንስቷ ዛፍ ላይ ያንጠለጥሉ እንደነበር ተሰምቶ ነበር፤ ነገር ግን ካሊፎርኒያ ውስጥ ብዙዎች የገበሬ አጉል እምነት ነው ብለው ናቁት። ተርቧ መጥታ እዚያ የለመደችው እ.ኤ.አ. በ1899 ነው። ከዚያ በኋላ ዛፎቹ አፈሩ፤ በለሱም ከካሊፎርኒያና ከሰምርኔስ ስም ተገጣጥሞ «ካሊሚርና» ተባለ።

እኔ ከዚህ የወሰድኩት እንዲህ ነው። ጋዜጣው የሰጠው መረጃ ሐሰት አልነበረም፤ ጎዶሎ ነበር። የጎደለውንም የሚያውቁት በየዕለቱ ከዛፉ ሥር የሚውሉት ሰዎች ነበሩ።

እናት ዛፏ

ይህን ይዤ ወደ ችግኝ መሸጫ ሄድኩ። ሻጩ ደህና ሰው ነበሩ። «ጋሼ፣ በለስ አለ?» ስላቸው ሦስት ችግኝ አወጡልኝ። ዝርያውን ስጠይቃቸው «የውጭ ነው፤ አንደኛ ነው» አሉኝ። ከየትኛው ዛፍ እንደተቆረጠ፣ ዛፉ አፍርቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኩ። «እህቴ፣ እኔም ገዝቼ ነው» አሉ። ለቅንነታቸው አመስግኜ ሳልገዛ ተመለስኩ። «አንደኛ ነው» የሚለው ቃል በስንት አፍ አልፎ እንደደረሳቸው እሳቸውም አያውቁትም።

መልሱ የተገኘው ከቡና ላይ ነው። እማዬ ነገሩን ለጎረቤት ስታወራ፣ ከእኛ ቤት ሁለት ቅያስ ወረድ ብሎ ያሉ አንዲት እናት ከአሥር ዓመት በላይ የቆየ የበለስ ዛፍ እንዳላቸው ሰማን። ደብተሬን ይዤ ሄድኩ። ዛፉን ዞሬ አየሁት፤ አለፍ ብዬም ጠየቅኩ።

«እትዬ፣ በአካባቢው ሌላ በለስ አለ?» «የለም፤ ይቺው ናት።» ታዲያ ብቻዋን ቆማ ፍሬዋን ካበሰለች ተርብ የማትፈልግ ናት ማለት ነው። «ትገርዟታላችሁ?» «ጣሪያዬን ስለምትነካብኝ በየዓመቱ በመጋዝ ነው የምንቆርጣት፤ በአዲሱ ቅርንጫፍ ላይ ትይዛለች።» «ክረምትስ?» «ሐምሌና ነሐሴ የሚደርሰው ግማሹ ይፈነዳል፣ ወፍም ይበላዋል። ከጥቅምት ወዲህ የሚደርሰው ግን ማር ነው።» አንድ ፍሬ ቆርጠው ሰጡኝ። ቡናማ፣ ትንሽ፣ ዓይኑ ጠበብ ያለ ነበር። ስለ ዝርያው ስጠይቃቸው ሳቁና «በለስ ነዋ!» አሉ።

የዝርያ ስም የላትም። ግን ስም ካላቸው አራቱ ያላገኘሁትን ነገር ከእሷ አገኘሁ፤ በእኛው ብርድ፣ በእኛው ዝናብ፣ ከአሥር ዓመት በላይ የሰጠችውን ምስክርነት። መረጥኳት።

በመጋቢት አምስት ቁራጭ ወሰድኩ። ስንዝር ያህል፣ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው፣ ያለፈው ዓመት እንጨት ነው የሚሻለው። ነጭ ወተቱ ቆዳ ስለሚያሳክክ እጄን በፌስታል ሸፈንኩ። ሲደርቅ ሁለት ሦስተኛውን አፈር ውስጥ ቀብሬ፣ ውኃ ሳላበዛ፣ ጥላ ሥር አቆየኋቸው። ሦስቱ ቅጠል አወጡ። አንዷን በሰኔ ከኩሽናው ጀርባ፣ ከቧንቧው ርቀን ተከልናት። ከቁራጭ የተተከለ በለስ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ፍሬ ማሳየት ይጀምራል። አያቴ ይህን ነግሬያቸው በጣታቸው ቆጠሩና «እደርሳለሁ» አሉ። እስከዚያው ጠዋት ጠዋት በርጩማቸውን አውጥተው አጠገቧ ፀሐይ ይሞቃሉ። አንድ ቀን ትልቁን ቅጠል በመዳፋቸው ላይ ዘርግተው ሲለኩት አየኋቸው። «እውነትም ይሰፋል» አሉ።

ስለዚህ በለስ ለመትከል ያሰባችሁ የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎችና መምህራን ካላችሁ፣ ስሙን ትታችሁ አራት ነገር ጠይቁ፦ ብቻውን ያፈራል ወይ? ሲገረዝስ? በክረምት ፍሬው ምን ይሆናል? እናት ዛፏን ማየት እችላለሁ? አራተኛውን የሚመልስላችሁ ሰው ካገኛችሁ ሦስቱን ራሳችሁ ታዩታላችሁ።

ሁለት ችግኝ ተርፈውኛል። አንዷ ለትምህርት ክፍሉ ግቢ ብትሆን ደስ ይለኛል፤ ሌላዋ ቀድሞ ለጠየቀኝ ናት። የማስርባቸው ወረቀት ላይ የዝርያ ስም አትፈልጉ። እናት ዛፏ የቆመችበት ሰፈር፣ ቁራጩ የተወሰደበት ወርና ባለቤቷ ስለ ፍሬዋ የነገሩኝ ይጻፍበታል። ቸር ያሰማን።