ባትሪዋስ ትጨመር… ፍሬኑስ?



እኛ አገር አዲስ ተሽከርካሪ የገዛ ሰው የሚቀርብለት ጥያቄ የታወቀ ነው። “ስንት ይሄዳል?” ይባላል፤ ቀጥሎ “ስንት ሰው ይጭናል?”፤ ከዚያ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ “ለመሆኑ በስንት ገዛኸው?” “በስንት ሜትር ይቆማል?” ብሎ የሚጠይቅ ሰው እኔ እስካሁን አልገጠመኝም። እናንተን ገጥሟችሁ ከሆነ ያን ሰው ያዙት፣ እንዳይጠፋባችሁ።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የእህቴ ልጅ ሰሜን ወሎ፣ ሀብሩ ወረዳ፣ መርሳ ከተማ ውስጥ የኤሌክትሪክ ባጃጅ ይነዳል። በ2017 ዓ.ም. አንድ ሊትር ቤንዚን ከ100 ብር ሲያልፍ፣ እሱም ከተገኘ ነው፣ በኤሌክትሪክ የምትሄደዋን መምረጡ አያስገርምም። መንግሥትም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሎ “ወደ ኤሌክትሪክ” ብሏል።

እናላችሁ፣ ልጁ ደወለልኝ።

“ጋሼ፣ አንዲት ባትሪ ብቻ ብትገዛልኝ እኮ ሰው እሆን ነበር።”

“ያሉህስ ምን ሆኑ?”

“አምስት ናቸው፤ 60 ቮልት። ስድስተኛ ሲጨመር 72 ይሆናል። የሚሠራልኝ ልጅ አግኝቻለሁ። ከዚያ በኋላ መርሳ ውስጥ ስዞር አልውልም፤ ሲሪንቃን አልፌ ወልድያ ድረስ እመላለሳለሁ።”

መንገዱን ለማታውቁት፣ መርሳ ማንጎና ብርቱካን የምታበቅል ሞቃት አገር ናት። ወልድያ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 100 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። በሁለቱ መካከል ያለው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ወደ ወልድያ ሲሄዱ ዳገት ይበዛዋል። ሲመለሱ ያው ዳገት ቁልቁለት ይሆናል። የእህቴ ልጅ የነገረኝ ስለ መውጣቱ ብቻ ነው።

ብሩን ከመላኬ በፊት የኤሌክትሪክ ነገር የሚያውቅ አንድ ወዳጄን ማኪያቶ ጋብዤ ጠየቅሁት። እሱ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲያገኝ ስኳሩንም ረስቶ ነው የሚያወራው።

“ይሄ ነገር አዲስ አይደለም” አለኝ። “አሜሪካኖች የጎልፍ መጫወቻ ሜዳ ላይ የሚነዷት የኤሌክትሪክ ጋሪ የለችም? ድሮ ብዙዎቹ 36 ቮልት ነበሩ፤ ከዚያ 48 መጣ። ባለቤቶቹ ግን አልበቃቸውም። 72 ያደርጓታል። ለሣር ሜዳ የተሠራችው ጋሪ አስፋልት ላይ ትወጣለች።”

“ታዲያ ጥቅም የለውም?”

“አለው እንጂ! ቮልትን እንደ ውሃ ግፊት፣ አምፔርን እንደሚፈሰው ውሃ መጠን ቁጠረው። ሁለቱ ሲባዙ ጉልበቱን ይሰጡሃል፤ ዋት የምንለውን። ባጃጇ 3 ሺህ ዋት ብትፈልግ፣ በ60 ቮልት 50 አምፔር ትስባለች፤ በ72 ቮልት ግን 42 ገደማ ይበቃታል። ሽቦው ላይ በሙቀት የሚባክነው ደግሞ በአምፔሩ ስኩዌር ስለሆነ ወደ ሲሶ ያህል ይቀንሳል። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ኃይል በ500 ሺህ ቮልት መስመር የሚጓዘው ለምን ይመስልሃል? ምክንያቱ አንድ ነው።”

ልቤ ወደ ልጁ አዘነበለ። ብሩን ልላክ ብዬ ስልኬን ሳወጣ ወዳጄ “ቆይ” አለኝ።

“ዳገት ለመውጣት ነው ያልከኝ አይደል? ዳገት ላይ ጎማውን የሚያዞረው ጉልበት የሚመጣው ሞተሩ ውስጥ ከሚያልፈው አምፔር ነው። እሱን የሚወስነው ኮንትሮለሩ ነው። ቮልት ስትጨምር በዋናነት የምታገኘው ፍጥነት ነው። ልጁ ዳገት ላይ የሚደክመው ባትሪዎቹ ስላረጁ ሊሆን ይችላል። ያረጀ ባትሪ ሸክም ሲበዛበት ቮልቱ ይወርዳል። ያን ጊዜ ባለቤቱ ‘ቮልት አነሰኝ’ ይላል። እውነቱ ግን ያለው ቮልት ከዳው ነው።”

“እና አዲስ ሲጨመርለት…”

“አምስት ሽማግሌ መካከል አንድ ጎረምሳ አሰልፈህ ሸክም እንደማሸከም ነው። በተከታታይ የተያያዙ ባትሪዎች እኩል ነው የሚሠሩት። ደካማው ቀድሞ ባዶ ይሆናል፣ ቻርጅ ሲደረግም ቀድሞ ይሞላና ይቃጠላል። ጎረምሳውም አብሮ ያረጃል።”

ከዚያ ወረቀት አውጥቶ ይዘረዝር ጀመር። ለ60 የተሠራ ኮንትሮለር 72ን ላይችል ይችላል፤ ስድስት ባትሪ ቻርጅ ሲሆን ከ85 ቮልት በላይ ስለሚደርስ ውስጡ ያሉት ዕቃዎች ይፈነዳሉ። ስለዚህ ኮንትሮለር ይቀየራል። የአምስት ባትሪ ቻርጀር ስድስቱን አይሞላም፤ ይቀየራል። መብራቱንና ጡሩምባውን ወደ 12 ቮልት የሚያወርደው ዕቃም የሚችለው መሆኑ ይታያል። ፊውዙም እንዲሁ። ብዙ የደኅንነት ደንቦች ደግሞ 60 ቮልት ዲሲን እንደ ወሰን ነው የሚያዩት፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ሰውን ይጎዳል ይላሉ። በባዶ እጅና በአንዲት ፒንሳ የሚነካካ ነገር አይደለም።

“ጨረስክ?” አልኩት።

“ዋናውን ገና አልነገርኩህም። ፍሬኑን።”

ሒሳቡ ቀላል ነው። 72 ለ60 ሲካፈል 1.2 ይሆናል፤ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ትሄድ የነበረችው 36 ትሄዳለች ማለት ነው። 6 ኪሎ ሜትር ምን አላት? ትላላችሁ። ፍሬን ማቆም ያለበት ኃይል ግን በፍጥነቱ ስኩዌር ነው የሚያድገው። በሌላ አነጋገር፣ ያው አሮጌ ፍሬን 44 በመቶ የበለጠ ሥራ ይጠበቅበታል፤ ለመቆሚያ የሚያስፈልጋትም ርቀት በዚያው መጠን ይረዝማል። ሦስት እግር ያላት፣ ጠባብ፣ ከላይ ሰው የሞላባት ተሽከርካሪ ናት። ኩርባ ላይ ምን እንደምትሆን ለወሎ ሰው አይነገርም።

ማታ ደወልኩ። “ልጄ፣ ለስድስተኛ ባትሪ አልሰጥህም። ፍሬንህን ለማሠራት ከሆነ ነገ እልክልሃለሁ። አምስቱን ባትሪ አንድ ላይ መቀየር ከፈለግህም እናዋጣለን። ወደ 72 እንሂድ ካልክ ደግሞ ኮንትሮለሩም፣ ቻርጀሩም፣ ፍሬኑም አንድ ላይ ይሁኑ፤ ቀስ ብለን እንቆጥባለን።”

ዝም አለ። በማግሥቱ የደወለችው እህቴ ናት።

“አንተ፣ ለልጄ አንዲት ባትሪ ነፈግኸው አሉ? አዲስ አበባ ሲገባ ሰው እንዲህ ይሆናል?”

ምን ብዬ ልመልስላት? የእሷ ሒሳብም ሒሳብ ነው። ልጁ ዕዳ አለበት። ቤት ውስጥ የሚጠብቁት አፎች አሉ። በ2013 ዓ.ም. ክረምትና በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ በዚያ አካባቢ ሲያልፍ የደረሰውን የሚያውቅ ሰው፣ የመርሳና የወልድያ ወጣት ዛሬ አንዲት የሥራ ቀዳዳ ባየ ጊዜ ለምን እንደሚሮጥ አይጠይቅም። እኔ ከሩቅ ሆኜ “ቀስ በል” ማለቴ ቀላል ነው፤ ዳገቱ ያለው እሱ ደጅ ነው። ቢሆንም ከኋላው የሚቀመጡት ከገበያ የሚመለሱ እናቶችና ደብተር ያቀፉ ተማሪዎች ናቸው። እነሱ 60ም ይሁን 72 አያውቁም። ሒሳቡን ከፍለው ያምኑታል።

“እትዬ” አልኳት፣ “ባትሪውን ብነፍገው ይሻለኛል።” ስልኩን ዘጋችው። እስካሁን አኩርፋኛለች።

የምር ግን፣ ጥፋቱን ልጁ ላይ ብቻ መጣል አይገባም። ለልጁ ቮልት መጨመር የሚችል ሰው በየመንደሩ አለ፤ እጃቸው የተባረከ ወጣቶች ናቸው። የተጨመረውን የሚፈትሽ ግን ማነው? ዓመታዊ ምርመራ የሚያደርግ አካል መብራትና ታርጋ አይቶ ማለፍ የለበትም፤ የመቀመጫውን ክዳን ከፍቶ ባትሪዎቹን ይቁጠር፣ ፍሬኑን ቁልቁለት ላይ ይሞክር። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም አሉን። የመርሳንና የወልድያን ባጃጅ ሠሪዎች ለሁለት ቀን ሰብስቦ ይህችን የወዳጄን የወረቀት ዝርዝር ማስተማር ምን ያህል ይከብዳል? መከልከል አያዋጣም፤ የተከለከለ ነገር ማታ ማታ ይሠራል።

እስከዚያው ድረስ እኛ ተሳፋሪዎችስ? ባጃጅ ላይ ስንወጣ “ስንት ነው?” ከማለታችን ጋር “ፍሬኑ ደህና ነው?” ብንል ምን ይለናል? ሹፌሩ ይስቅብን ይሆናል። ይሳቅብን። ብዙ ሰው ከጠየቀው አንድ ቀን ወርዶ ያየዋል።