የእናቴ አበባ እና የእኔ ውኃ

እናቴ እኔ ጋ ልትኖር ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ስትመጣ ከልብስ ሻንጣዋ ሌላ የያዘችው አፉ የተቆረጠ አንድ የዘይት ጀሪካን ነበር። ውስጡ ግንዱ ከታች እንደ ሽንኩርት ያበጠ፣ ከላይ ደማቅ ሮዝ አበባ ያወጣ ተክል አለ። የበረሃ ጽጌረዳ ይሉታል። ስሙ ነው እንጂ ከጽጌረዳ ጋር ዝምድና የለውም፤ በቆላ አገር ድንጋይ መሐል ማንም ሳያጠጣው የሚያብብ ነው።

እኔ ሁለቱንም ልንከባከብ ቆርጬ ተነሣሁ። ተክሉን ቀዳዳ በሌለው የሚያምር ማስቀመጫ ከጓሮ ባመጣሁት ጥቁር አፈር ተከልኩት፤ በየጠዋቱም አጠጣሁት። እናቴንም "ብርዱ ይጎዳሻል" እያልኩ ከቤት አላስወጣት አልኩ። ልብስ ማጠፍ ስትጀምር እንኳ "አንቺ ዕረፊ" ብዬ ከእጇ እቀማታለሁ።

ክረምት ሲገባ ቅጠሉ ረገፈ። የጠማው መስሎኝ ውኃ ጨመርኩለት። አንድ ቀን ግንዱን ብነካው እንደበሰለ ድንች ለሰለሰብኝ።

"እማዬ፣ ገደልኩብሽ" አልኳት።

እጇ ላይ ፌስታል አጥልቃ፣ ቢላ አስመጥታ፣ ንጹሑ ነጭ ሥጋ እስኪታይ የበሰበሰውን ቆረጠች። ልጄ ሊያይ ሲጠጋ "ወዲያ በል! ፈሳሹ መርዝ ነው፤ ድሮ አዳኞች ፍላጻ የሚቀቡት ነበር" አለችው። ቁስሉ እስኪደርቅ ተክሉን ለቀናት መስኮት ሥር አጋደመችው። ከዚያ ታቹን በምስማር በበሳሳችው በዚያው ጀሪካን፣ በቀይ አሽና በአሸዋ ላይ ጥቂት አፈር ደባልቃ መልሳ ተከለችው። ለሳምንት ጠብታ ውኃ አላስነካችውም።

"ውኃውን ግንዱ ውስጥ አስቀምጦታል" አለችኝ። "ሲበርደው ቅጠሉን ጥሎ ይተኛል። የተኛ ሰው አፍ ላይ ውኃ ታፈሺያለሽ?"

ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም።

"እኔንም እንደሱ አድርገሽ ነው የያዝሽኝ። በይ፣ ዝናቡ ሲያባራ ፀሐይ ላይ አውጪን።"

"አውጪን" ነው ያለችው። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አሁን እናቴ ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች፤ ከጎረቤት ጋር ቡና ትጠጣለች። ተክሉም ሕፃን በማይደርስበት ከፍ ያለ ግንብ ላይ ሙሉ ፀሐይ ይሞቃል። ክረምት ሲመጣ በረንዳ ጣሪያ ሥር ይገባል፤ ቅጠሉ ተመልሶ እስኪወጣ ውኃ እምብዛም አያገኝም። በበጋ የሚጠጣው አፈሩ ሲደርቅ ብቻ ነው፤ ሲጠጣ ግን ከታች እስኪፈስ ይጠግባል። ሚያዝያ ላይ ሁለት አበባ አወጣ።

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ጣሳ ይዞ መጣና "እማማ፣ ዛሬ ይጠጣል?" አላት።

ብድግ አድርጋ ወደ ጀሪካኑ አስጠጋችው። "ግንዱን ሳትነካ ጣትህን አፈሩ ውስጥ ክተትና ራሱን ጠይቀው። ከዚያ እጅህን ታጠብ።"