ከወንጪ ሐይቅ ዳር ለእህቴ

ወንጪ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህት ዓለሜ፣ ሚጡዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? የትንሿ ሳል ለቀቃት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይኼ በስልክ ሁልጊዜ የምልሽ ዓይነት «ደህና» አይደለም፤ ዛሬ ከልቤ ነው።

ልሄድ ነው ብዬ የነገርኩሽ ቀን መጀመሪያ የጠየቅሽኝ «ከማን ጋር?» ብለሽ ነበር። «ብቻዬን» ስልሽ ትንሽ ዝም አልሽና «እትዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አልሽኝ። አልፈርድብሽም። እኛ ዘንድ ብቻውን የሚሄድ ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ ተጣልቷል፣ ወይ ሐዘን ላይ ነው። ያን ቀን የሚረባ መልስ አልሰጠሁሽም። ዛሬ ስድስተኛ ቀኔ ነውና ተረጋግቼ ልመልስልሽ።

አዎ፣ ታምሜ ነበር። ከፋሲካ ወዲህ አንድ ደህና ገጽ አልጻፍኩም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እነቃና እስኪነጋ እገላበጣለሁ። ጠዋት ወረቀት ፊት ስቀመጥ የሚመጣብኝ የቤት ኪራዩ፣ ያልደረስኩበት ለቅሶ፣ ያልመለስኩት ስልክ ነው። የጻፍኩትን መልሼ ሳነበው የሌላ ሰው ድምፅ ይመስለኛል። በማይረባው ነገር የምወደውን ሰው መቆጣት ስጀምር ነው የፈራሁት።

ወንጪ ከአዲስ አበባ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በወሊሶና በአምቦ መካከል። ተራራው በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ ነበር፤ አናቱ ወደ ውስጥ ተደርምሶ ሐይቅ ሆነ። ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ 3,300 ሜትር ያልፋል፤ ማታ ማታ ጋቢ ደርበሽም ይበርድሻል። ከጫፉ ቁልቁል ስታይ ውኃው ከታች ሰማያዊ ሆኖ ይታይሻል፤ በመካከሉ ደሴት አለ፣ ደሴቱ ላይ የቂርቆስ ገዳም። ጎሕ ሲቀድ የደወሉ ድምፅ በውኃው ላይ ይመጣል።

ሁለቱ የመጀመሪያ ቀናት ግን ከባድ ነበሩ፤ ይህን አልደብቅሽም። እግሬ እዚህ ሆኖ ልቤ ቤት ነበር። ስልኬን በየደቂቃው አነሣለሁ። ዳገቱን ስወጣ እንኳ የማስበው የተውኩትን ሥራ ነበር። ልጆቿን ጥላ የጠፋች ሴት የሆንኩ ያህል ጥፋተኝነት ተሰማኝ፤ ልጆቼ አድገው የየራሳቸውን ኑሮ ይዘው ሳለ! በሁለተኛው ማታ ስልኩን ዘግቼ ሻንጣዬ ሥር አስቀመጥኩት፤ ከዚያ ወዲህ የምከፍተው ሲመሽ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን ያረፍኩበት ቤት እመቤት እንሰት ሲፍቁ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ፍቀው፣ አሽተው፣ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ጉድጓድ ውስጥ ከተቱት፤ ድንጋይም ጫኑበት። «መቼ ይደርሳል?» አልኳቸው። «ሲብላላ» አሉኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። እኛስ ሐሳብን «ማብላላት» እንል የለ? ቃሉን ዕድሜዬን ሙሉ ስለው ኖሬ ትርጉሙን ያየሁት እዚያ ጉድጓድ አፍ ላይ ነው። ቆጮው ለሳምንታት፣ ለወራትም ተቀብሮ ይቆያል። በየቀኑ እየከፈተ የሚያየው፣ ምነው ሰነፈ የሚለው የለም። እኔ ግን ሐሳቤን በየሰዓቱ ስከፍተው ነበር፤ እንዴት ይብላላ?

በአራተኛው ቀን ጠዋት ጉም ሐይቁን ሸፍኖት ሳለ አንዲት ዓረፍተ ነገር መጣችልኝ። አንዲት ብቻ ናት፤ ግን የራሴ ድምፅ ነበረች። ደብተሬን አውጥቼ እስከ ቀትር ጻፍኩ። ያን ሌሊት ሳልነቃ አነጋሁ።

ያኔ አባዬ ትዝ አለኝ። ጎጃም ቅኔ ሲማር ተማሪው ሁሉ ደበሎውን ለብሶ ለየብቻው ወደ ዱር ዳር፣ ወደ ዛፍ ሥር ይበተን እንደነበር ሲያወራን ታስታውሻለሽ? ቅኔ የሚቆጠረው ለብቻ ነው፤ ጉባኤው የሚመጣው ኋላ፣ ለየኔታ ሲነገርና ሲታረም ነው። ሁለት ቤት ብቻ ያላት ጉባኤ ቃና እንኳ የብቻ ሰዓት ትጠይቃለች። ቤታችን ውስጥም አባዬ ጋቢውን ተከናንቦ ወይራው ሥር ሲቀመጥ «ዝም በሉ፣ አባታችሁ ቅኔ እየቆጠረ ነው» ትለን ነበር እማዬ።

የእማዬን ዝምታስ ማን ጠበቀላት? ይህን ጥያቄ እስከዚህ ሳምንት ጠይቄው አላውቅም። እሷ የነበራት ፍልሰታ ብቻ ነው። ነሐሴ ሲገባ እኛን ለአያታችን ሰጥታ ጣና ዳር ሱባኤ ትገባለች፤ እስከ 15 አትመለስም። አንቺ ትንሽ ስለነበርሽ በሩ ላይ ቆመሽ ታለቅሺ ነበር። ስትመለስ ፊቷ ከስቶ፣ ዓይኗ ግን በርቶ ነው። ክረምቱ አልፎ ስንደዶው ሲደርስ ወስፌዋን ታነሣለች፤ አገሩ ሁሉ ለማየት የሚመጣው መሶብ የሚሰፋው ያኔ ነበር። እኔ ሱባኤውንና መሶቡን አያይዤ አስቤ አላውቅም። አሁን ሳስበው የሄደችው ለጸሎት ነው፤ ስትመለስ ግን እጇም አብሮ ታድሶ ነበር። እኛንም ያኔ ነበር አብዝታ የምታቅፈን።

እህቴ፣ የአንቺ የቀለም ሣጥን ቁም ሣጥኑ ላይ አቧራ ለብሶ አይቼዋለሁ። ብሩሹ ፀጉሩ ደርቆ ተጣብቋል። «ልጆቹ ትንሽ ይደጉ» ትያለሽ። ልጆቹ እንዲያድጉ እኔም እመኛለሁ፤ ግን እናታቸው ቀለም ስትቀላቅል እያዩም ይደጉ።

እንዴት ብለሽ ብትጠይቂኝ የማውቀውን ልንገርሽ። ሱባኤ ከሰባት የመጣ ቃል ነው፤ ሰባት ቀን ያዢ። ሁለቱ ቀን ድካምሽን ለመጣል ይሄዳል፤ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ከሆነ ገና ስትረጋጊ መመለሻሽ ይደርሳል። በቀን ብርሃን ድረሺ፣ ያረፍሽበትን ቦታ ለእኔ ንገሪኝ፣ ለመንገድ የአገሩን ልጅ ቅጠሪ። ትልቅ ሥዕል ይዤ ልመለስ ብለሽ አትሂጂ፤ ትንሽ ደብተርና እርሳስ ይበቃሻል። መጀመሪያ ተኚ። ከዚያ በእግርሽ ሂጂ። ከዚያ ዝም ብለሽ እዪ። ገንዘብ ካጠረሽ ሩቅ መሄድ የለብሽም፤ የማንም ድምፅ የማይጠራሽ አንድ ክፍል ከተገኘ እሱም ገዳም ነው።

ልጆቹን እኔ እይዛቸዋለሁ። ለወግ የምለው አይደለም፤ ትምህርት ቤታቸው ለዕረፍት ሲዘጋ ሰባቱንም ቀን እኔ ቤት ናቸው። ለባለቤትሽም ትናንት ማታ ደውዬ ነግሬዋለሁ፤ «እኔም ሳስበው ነበር» ነው ያለኝ። የሚቀረው የአንቺ እሺታ ነው።

አንድ ነገር ላክልልሽና ላብቃ። እኔ ቤት ያለው የእማዬ መሶብ ክዳኑ ላይ ዙሪያውን የሚሄደው ሰማያዊ ሹል ሹል ሐረግ አለ አይደል? ልጆች ሳለን «ተራራ» እንለው ነበር። ዛሬ ጠዋት ሐይቁ ዳር ቆሜ ሳለሁ ጉሙ ተገፈፈ፣ ነፋስ መጣ፤ ውኃው ላይ ትንንሽ ሹል ሹል ሞገድ ረድፍ ይዞ መጓዝ ጀመረ። ያንኑ ሐረግ አየሁት። ነፍሷን ይማርና ልጠይቃት አልችልም፤ ግን እሷም በነሐሴ ጠዋት ጣና ዳር ብቻዋን ቆማ ያየችው ይህንን ይመስለኛል። ዕድሜያችንን ሙሉ ተራራ ያልነው ውኃ ነበር።

አንቺም ሂጂና ያየሽውን ይዘሽልን ነይ።

ልጆቹን ሳሚልኝ።

የምትወድሽ እትዬ