ጨዋታ የሚሠሩ ሰዎች መቼ ይተኛሉ?

«ኢኤ ስፖርትስ» የሚለውን ድምፅ የማያውቅ የከተማችን የጎብዬ ልጅ ያለ አይመስለኝም። ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ፊፋ በተከፈተ ቁጥር ይሰማል፤ ልጆቹም እንግሊዝኛው ባይገባቸውም እንደ አዝማች ይቀበሉታል። ዛሬ የምጽፈው ጨዋታ ሠርተው ስለሚያድሩት ሰዎችና ስለ አለቆቻቸው ነው።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2004 አንዲት ሴት ስሟን ደብቃ ኢንተርኔት ላይ ረጅም ጽሑፍ ለጠፈች። እጮኛዋ የዚሁ የጨዋታ ኩባንያ የኢኤ ሠራተኛ ነበር። ጽሑፉ «የኢኤ ሚስት» በሚል መጠሪያ በየአገሩ ተነበበ፤ ጸሐፊዋ ኤሪን ሆፍማን መሆኗ የታወቀው ግን ቆይቶ ነው። ነገሩ የጀመረው በትንሹ ነበር። ሠራተኞቹ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 6 ቀን ሥሩ ተባሉ፤ ምክንያቱም አሁን ከበረታን ኋላ አንጣደፍም የሚል ነው። ቀጥሎ በቀን 12 ሰዓት ሆነ። ኋላማ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት፣ ሰባቱንም ቀን፤ የቅዳሜ ማምሻ አልፎ አልፎ እንደ ሽልማት ትለቀቅላቸው ነበር። የትርፍ ሰዓት ክፍያ የለም፣ ማካካሻ ዕረፍትም የለም።

እኔን ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። ሴትዮዋ እንደጻፈችው ሥራው ከዕቅዱ ወደ ኋላ አልቀረም ነበር። ያ ሁሉ እንቅልፍ ማጣት ሥራውን አላፋጠነውም፣ አላዘገየውምም። ታዲያ ለምን? እኔ እንደሚመስለኝ ሰው ማታ ወንበሩ ላይ ሲታይ አለቃው ሥራ የመራ ስለሚመስለው ነው። ኋላ ሠራተኞች ባቀረቧቸው ክሶች ኢኤ ለግራፊክስ ባለሙያዎቹ 15.6 ሚሊዮን፣ ለፕሮግራመሮቹ 14.9 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ትምህርት ይሆናል ስንል የዚያው ኩባንያ ንብረት የሆነው ባዮዌር «አንተም» የተባለውን ጨዋታ ሲሠራ ታሪኩ መልኩን ቀይሮ መጣ። ጋዜጠኛው ጄሰን ሽራየር በ2019 እ.ኤ.አ. ሠራተኞቹን አነጋግሮ እንደዘገበው፣ አለቆቹ ጨዋታው ምን ዓይነት እንደሚሆን ለዓመታት መወሰን አቅቷቸው ነበር። ስሙ እንኳ «ቢዮንድ» ተብሎ ቲሸርት ከታተመበት በኋላ፣ ለዓለም ሊተዋወቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ተቀየረ። ሠራተኛው እንዴት ይደርሳል ብሎ ሲጨነቅ መልሱ «የባዮዌር አስማት» ነበር፤ ማለትም መጨረሻ ላይ ሁሉም ነገር በራሱ ይገጣጠማል። አስማቱ የሰው ጤና ሆኖ ተገኘ። በጭንቀት ታመው የሐኪም ፈቃድ የወጡ ነበሩ፤ ክፍላቸውን ዘግተው ያለቀሱም ነበሩ።

ክፉ አለቃ ሲባል ብዙዎቻችን የሚጮኸውን እናስባለን። የሚጮኸውስ ቢያንስ ምን እንደሚፈልግ ይናገራል። የከፋው በጊዜው ሳይወስን ቀርቶ፣ ያባከነውን ጊዜ ከሠራተኛው ሌሊት ቆርጦ የሚተካው ነው። እኛ ዘንድ ለማሽላ አጨዳ ደቦ የሚጠራ ሰው ማሳው ስንት ሰው እንደሚፈልግ አስቀድሞ ያሰላል፣ ምሳና ጠላውን ያዘጋጃል፤ ነገ እሱም በተራው ማጭዱን ይዞ እንደሚሄድ ያውቃል። ሳይሰላ ቀርቶ ቢመሽበት የሚያፍረው ጠሪው ነው እንጂ አጫጁ ሰነፍ አይባልም።

የእኛ አገር መሥሪያ ቤቶች ይህን ጣጣ «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» በምትል ቃል ይሸፍኑታል። ቤተሰብ ከሆንን ውል ለምን፣ ትርፍ ሰዓት ለምን? ጨዋታ ሲሆን ደግሞ ሌላ ይጨመርበታል፦ ሥራውን ትወደው የለም እንዴ! እስቲ ፕሌይስቴሽን ቤት የሚጠብቀውን ልጅ አስቡት። ጠዋት ይከፍታል፣ ማታ የመጨረሻው ተጫዋች እስኪወጣ ይቆያል፤ ጆይስቲክ ቢሰበር ከደመወዙ ይቆረጣል። ቅሬታ ሲያነሳ «ቀኑን ሙሉ ስትጫወት እየዋልክ!» ይባላል። (መብራት በጠፋ ቀን የሚጫወት የለም፤ ገቢ አልገባም ተብሎ የሚኮነነው ግን እሱው ነው።)

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንዲህ አይልም። መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም፤ የቀኑ አንድ ተኩል፣ የሳምንት ዕረፍቱ ሁለት፣ የበዓሉ ሁለት ተኩል እጥፍ ይከፈልበታል። ከደመወዝ ለመቁረጥ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያም ሆኖ ከወሩ ደመወዝ ሲሶውን አያልፍም። ውሉ በቃል ቢሆን እንኳ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የፈረመበትን ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት።

ይህን ሁሉ የምለው የጨዋታ ሥራ ወደኛም እየመጣ ስለሆነ ነው። አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ በ2018 እ.ኤ.አ. «ኩኩሉ»ን አወጣ፤ ከአሳዳጅ የምትሸሽ ዶሮ ናት፣ እኔም ደጋግሜ አስይዣታለሁ። ነገ ከነገ ወዲያ ሌሎችም ይከፈታሉ፤ ኮምፒውተር ተምረው የሚቀጠሩ የቆቦና የጎብዬ ልጆችም አይጠፉም። ለነዚህ ልጆች አንድ ነገር ልበል፦ ቃለ መጠይቁ ሲያልቅ «ጥያቄ አለህ?» ሲሏችሁ አፍራችሁ ዝም አትበሉ። ሥራው ምን እንደሚሆን የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው ማን ነው በሉ። ባለፈው ሥራ ቀኑ ሲደርስ ሳይጠናቀቅ ቢቀር ምን አደረጋችሁ፣ ቀኑን ገፋችሁት ወይስ ሰዉን አሳደራችሁት በሉ። የሚመልስላችሁ ሰው ፊቱን ካጨፈገገ፣ ደመወዙ ስንት እንደሆነ ከመስማታችሁ በፊት ብዙ ነገር አውቃችኋል።