ባሕር ሲራብ

ከሃዋይ ተነሥቶ ወደ ሳሞአ የሚያቀና መርከብ የሚጓዘው ጥርት ባለ ሰማያዊ ውኃ ላይ ነው። ለዓይን ውብ የሆነው ይህ ጥራት የራብ ምልክት ነው፤ ውኃው የጠራው በውስጡ የሚበቅለው ነገር ስለሚያንስ ነው። በዚህ ድሃ ባሕር ፕሮክሎሮኮከስ የተባለች ተሕዋስ ትኖራለች። መጠኗ አንድ ሺኛ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ በብዛት ግን በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን ከሚያዘጋጁ ፍጥረታት ሁሉ ቀዳሚዋ ናት።

ተመራማሪዎች ባሕሩ ምን እንደጎደለው ለማወቅ ውኃ እየቀዱ በውስጡ ያለውን ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ብረት ሲለኩ ኖረዋል። ጠቃሚ ሥራ ነው፤ ሆኖም ጎተራ አይቶ ስለ ቤተሰቡ ጥጋብ ከመፍረድ ብዙም አይርቅም። የራብን ነገር መጠየቅ ራብተኛውን ነው። የፕሮክሎሮኮከስ መልስ በምትሠራቸው ፕሮቲኖች ይነበባል። ብረት ሲያጥራት፣ ብረት ያለበትን ፌሬዶክሲን ትታ ያንኑ ሥራ ያለ ብረት የሚሠራላትን ፍላቮዶክሲን ታዘጋጃለች። ናይትሮጅን ሲጎድላት ዩሪያን ከውኃው ለቅሞ የሚያስገባላትን ፕሮቲን ታበዛለች።

በአሜሪካው የዉድስ ሆል የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ተመራማሪ የሆኑት ማክ ሳይቶና ባልደረቦቻቸው ይህንን መልስ ፍለጋ እ.ኤ.አ. በ2011 በዚያው መሥመር ተጓዙ። ወደ ጥልቁ በወረዱ ፓምፖች ብዙ ውኃ አጣሩ። በማጣሪያው ላይ የቀረውን በብርቱ ቅዝቃዜ አቆይተው፣ በቤተ ሙከራ ፕሮቲኖቹን በኤንዛይም ቆራረጡ፤ የቁርጥራጮቹን ክብደት በመለካትም ማንነታቸውንና ብዛታቸውን ለዩ። እ.ኤ.አ. በ2014 «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት ያወጡት ውጤት የቆየ እምነትን የሚያናጋ ነበር። እድገትን የሚገታው ከሁሉ ይበልጥ የጎደለው አንዱ ንጥረ ነገር ነው ይባል ነበር፤ በሰፊው የባሕር ክፍል ግን ተሕዋሷ የብረትንም የናይትሮጅንንም ራብ በአንድ ጊዜ ታሳይ ነበር። ጉዳዩ የአንዲት ደቃቅ ፍጥረት ኑሮ ብቻ አይደለም። የባሕሩ ገጽ ሲሞቅ ከሥር ወደ ላይ የሚወጣው ምግብ እንደሚቀንስ ይጠበቃል፤ ካርቦንን ወደ ጥልቁ በማሻገር ድርሻ ያላቸውም እነዚህ ተሕዋስያን ናቸው።

ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን ምናልባት ሳይቶ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 ስለ ክሮኮስፌራ ያሳተሙት ጥናት ነው። ይህች ተሕዋስ ቀን በብርሃን ምግቧን ታዘጋጃለች፤ ሌሊት ደግሞ በውኃው ውስጥ ከሟሟው የናይትሮጅን ጋዝ ለራሷ የሚሆናትን ትይዛለች። ሁለቱም ሥራ ብረት ይፈልጋል፤ ያለው ብረት ለሁለቱ አይበቃም። ስለዚህ ሲነጋ የሌሊቱን ፕሮቲኖች አፍርሳ ብረቱን ለቀኑ ሥራ ታውላለች፤ ሲመሽ እንደገና ትገነባቸዋለች። በከተማ አንድ አልጋ ተከራይተው በፈረቃ የሚተኙ የቀንና የሌሊት ሠራተኞችን ኑሮ ይመስላል። በየዕለቱ ማፍረስና መገንባት ብዙ ጉልበት ይፈጃል። ጉልበቱን ከፀሐይ ታገኛለች፤ ብረት ግን በዚያ ባሕር ብርቅ ነው።