ታጁራ ድረስ ይሄዷል?

ባሕር ሳያዩ ሠላሳ አምስት ዓመት መሙላት ለአዲስ አበባ ልጅ የሚያስገርም ነገር አይደለም። የሚያስገርመው ባሕር የሚለው ቃል በአፋችን ላይ ያለው ብዛት ነው። ጣና ዳር ያለችውን ከተማ ባሕር ዳር አልናት። የሰው አገርን ባሕር ማዶ እንለዋለን። በምኒልክ ዘመን ከሩቅ መጥቶ እንጦጦን ያለበሰውን ዛፍ ባሕር ዛፍ ብለን፣ ጉንፋን ሲይዘን ቅጠሉን እየታጠንን እንኖራለን። የጥንቱ የሰሜን ገዥ ማዕረጉ ባሕር ነጋሽ ነበር። እኔም ይህን ሁሉ ባሕር በጆሮዬ ብቻ ስጠጣ ያደግሁ ሰው ነኝ። ጨው ያለበት ውሃ እግሬን ነክቶት አያውቅም።

ዘንድሮ ጥቂት ያጠራቀምኩት ገንዘብ አለ፤ ያልተጠቀምኩበት የዓመት ፈቃድም አለኝ። ኢምፔሪያል አካባቢ የሚኖር ሰው ደግሞ የሚነሣና የሚያርፍ አውሮፕላን ድምፅ ሌሊት እንኳ አይለየውምና፣ የመሄድ ሐሳብ ሳይጋበዝ ይመጣበታል። ታዲያ ወዴት?

ልብ በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ ምጽዋ ነው። በአባቶቻችን ዕድሜ ያሉ ሰዎች ስለ ምጽዋ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የአሥመራ በረራ ሲጀመር እኔም እንደ ብዙ ሰው ጓዜን በሐሳቤ ሸክፌ ነበር። በረራው ነሐሴ 28 ቀን 2016 ዓ.ም. ተቋረጠ። ከዚህ በላይ ስለ ምጽዋ መጻፍ ቁስል መነካካት ስለሚሆንብኝ እተወዋለሁ። ሞምባሳና ዛንዚባር ያማሩ ናቸው ይላሉ፤ ማማራቸውን አልጠራጠርም፣ የኪሴን ግን አውቃለሁ።

የቀረችው ጅቡቲ ናት። እርሷን በሚመለከት የማውቃቸው ሁሉ አንድ ቃል ናቸው፤ «ሙቀትና ኮንቴይነር ነው፤ ምን ይታያል?» ከመስኮቴ ፊት ብዙ ጊዜ የሚቆሙ አንድ የከባድ መኪና አሽከርካሪ አሉ። የጋላፊን መንገድ ሃያ ዓመት ተመላልሰውበታል። አንድ ቀን ገንዘባቸውን ቆጥሬ ስሰጣቸው፣

«ጋሼ፣ ባሕሩ እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«የቱ ባሕር?»

«የጅቡቲው ነዋ።»

«ኧ! ከኮንቴይነሩ ክምር ማዶ ሲያበራ አየዋለሁ። ወረፋ ለሚጠብቅ ሰው ባሕር ምን ይሠራለታል፣ ልጄ?»

እኔ ግን ዓይኔን የጣልኩት ከጅቡቲ ከተማ ላይ አይደለም። ከእርሷ ማዶ፣ በራሷ ስም በሚጠራው ባሕረ ሰላጤ ሰሜናዊ ዳርቻ ታጁራ የምትባል ትንሽ የአፋር ከተማ አለች። ባለቤቶቿ ታጎሪ ይሏታል። በነጫጭ ቤቶቿና በሰባት መስጊዶቿ ትታወቃለች፤ ከጀርባዋ የጎዳ ተራሮች ይነሣሉ። ከጅቡቲ በጀልባ ባሕረ ሰላጤውን ቀጥ ብሎ በማቋረጥ፣ ወይም በመኪና ዳርቻውን በመዞር ይደረሳል። በመኪና የሄደ ሰው ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኘውን የአሳልን የጨው ሐይቅ በመንገዱ ማየት ይችላል።

ለመዝናናት ብቻ ከሆነ ታጁራ አይሄዷል። ይህን በግልጽ መናገር ይሻላል። ከግንቦት እስከ መስከረም ያለው ሙቀት በ40 ዲግሪ ላይ የሚመላለስ ነውና ለደገኛ ሰው ቅጣት ነው። መልካሙ ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ነው፤ ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍና ሰው የማይነካ ዓሣም ወደ ባሕረ ሰላጤው የሚመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ከዚያ ውጭ የተጠበሰ ዓሣ፣ ጀልባዎች፣ ጸጥታ። ማታ ማታ ሙዚቃና ጭፈራ የሚሻ ሐዋሳ ይሂድ፤ ገንዘቡም ይተርፈዋል።

ወጪው ቀላል አይደለም። የጅቡቲ ፍራንክ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በአንድ ዶላር 177.721 ላይ ተቸንክሮ የቀረ ገንዘብ ነው፤ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ንቅንቅ አላለም። የእኛ ብር ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ በተለቀቀ ጊዜ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 አለፈ። ይህን ለውጥ በየማለዳው በሰሌዳ ላይ ስጽፍ የነበርኩት እኔ ነኝ። እናም ታጁራ ባለችበት ቆማ ሳለች ለእኔ በእጥፍ ራቀችብኝ።

ታዲያ ለምን ታጁራ?

ታጁራ የሸዋ በር ነበረችና ነው። ከአንኮበር የሚወርደው የሲራራ ነጋዴ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ባሕር የሚያገኘው እዚያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 ካፒቴን ሃሪስ የተባለው የእንግሊዝ መልእክተኛ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ ከመርከብ የወረደው ታጁራ ላይ ነው። ኋላ ፈረንሳዮች ጅቡቲን ሲቆረቁሩና ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ፣ የጥንቷ በር ተዘግታ ቀረች። እ.ኤ.አ. በ2017 አዲስ ወደብ ተመርቆላታል፤ ከእኛ ፖታሽ ይወጣበታል በሚል ተስፋ።

ይህቺን ከተማ ለጥቂት የግጥም ወዳጆች ያስታወሳት ደግሞ አርተር ራምቦ ነው። ሐረር የሄደ ሁሉ በስሙ የተሰየመውን ቤት ይጎበኛል፤ ያ ሰው በዚያ ቤት እንዳልኖረ የሚናገሩ ብዙዎች ቢሆኑም። ታጁራ ውስጥ ግን በእርግጥ ኖሯል። ግጥም መጻፉን በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ እርግፍ አድርጎ ትቶ፣ በኤደንና በሐረር የአንድ የቡና ነጋዴ ድርጅት ተቀጣሪ ሆኖ ቡናና ቆዳ ሲመዝን፣ ሒሳብ ሲጽፍ ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1885 መጨረሻ ጠመንጃ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ሊሸጥ ታጁራ ደረሰ። በጥቂት ሳምንታት እነሣለሁ ያለው ሰው ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ እዚያው ተቀመጠ። ግመል ጠፋ፤ የመሣሪያ ንግድ እገዳ መጣ፤ ሸሪኩ ላባቱ በነቀርሳ ታሞ አገሩ ገብቶ ሞተ፤ አብሮት ሊጓዝ ያሰበው ሶሌዬም ኤደን ላይ ሞተ። ያንን የታጁራ በጋ፣ ያንን እሳት፣ ሣጥኖቹን እየጠበቀ አሳለፈው። በጥቅምት 1886 ብቻውን ተነሥቶ በየካቲት 1887 አንኮበር ቢደርስ ንጉሡ የሉም። እንጦጦ ድረስ ተከትሎ ቢያገኛቸው ዋጋውን አስቀነሱት፤ የሟቹን የላባቱን ዕዳም ከዚያው ላይ ያዙበት። የቀረውንም ሐረር ሄዶ ከደጃዝማች መኮንን እንዲቀበል ወረቀት ጻፉለት። ይህን ባነበብኩ ጊዜ ብቻዬን ሳቅሁ። ያ ወረቀት በእኛ ቋንቋ የክፍያ ትእዛዝ ነው፤ ደንበኛው እየተነጫነጨ ከአንዱ ቅርንጫፍ ወደ ሌላው የተላከ ነው።

ለራምቦ ሲባል ብቻ ግን ሰው መንገድ መውጣት የለበትም። ገጣሚው ታጁራ ሳይደርስ አብቅቶ ነበር፤ የደረሰው ነጋዴው ነው። እኔን የያዘኝ እርሱ ከዚያች ከተማ ለቤተሰቦቹ በጻፈው ደብዳቤ ያሰፈረው አንድ ጉዳይ ነው፤ የከተማዋ ንግድ የሰው ንግድ መሆኑ። ከደቡብና ከደቡብ ምዕራብ የተፈነገሉ ሰዎች በአንኮበር አቅራቢያ ባለችው በአልዩ አምባ ገበያ እየተላለፉ፣ በአውሳ በኩል ወደ ታጁራ ይወርዱ ነበር። ከዚያ ወደ ዐረብ አገር ይሻገራሉ። ብዙዎቹ ልጆች ነበሩ።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም በልልኝ። እነዚያ ልጆች የደጋ ልጆች ናቸው። ወንዝ እንጂ ባሕር አያውቁም። ባሕርን በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት ታጁራ ላይ ነው፤ ያዩትም የአገራቸው መጨረሻ ሆኖ ነው። በዚያች ቅጽበት ምን ብለው ጠሩት ይሆን? በየቋንቋቸው ለዚያ ነገር ቃል ነበራቸው? ወይስ ትልቅ ወንዝ መስሏቸው ማዶውን ፈለጉ? በዚያው በር ጠመንጃ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሰው ወደ ውጭ ይወጣል። ዓድዋ ላይ ከተተኮሰው መሣሪያ የተወሰነው በዚያ በረሃ የመጣ ነው። እኛ የገባውን ቆጥረን እንኮራለን፤ የወጣውን የሚቆጥር መዝገብ ግን በየቤታችን የለም። ይህን ካሰብኩ በኋላ ታጁራን ከሞምባሳ ጋር በዋጋ ማወዳደሬን ተውኩት።

ከሌላ ነገር ጋር ማወዳደሩ ግን አልቀረልኝም። ያ ያጠራቀምኩት ገንዘብ የግጥም መድበሌ ማሳተሚያ ነው። ሰባት ዓመት የተጠራቀሙ ግጥሞች ናቸው። የወረቀት ዋጋ እንደምታውቁት ነው፤ ማተሚያ ቤቱ ዛሬ የነገረኝን ዋጋ በሚቀጥለው ወር አይደግመውም። አሁን ታጁራ ብሄድ መጽሐፉ ቢያንስ አንድ ዓመት ይዘገያል፤ የቆየው መቆየት ሲታከልበትም ጨርሶ ሊቀር ይችላል። በራሳቸው ወጪ አሳትመው፣ ሺህ ቅጂውን ለአከፋፋይና ለአዟሪ ሰጥተው፣ ሰባት መቶው ከአልጋቸው ሥር የተመለሰባቸው ወዳጆች አሉኝ። እነርሱም ቢሆኑ ግን መጽሐፍ አላቸው። ባለቤቴ ነገሩን ሰምታ፣ «መጽሐፉ ይቆያል፤ ባሕሩስ የት ይሄዳል?» አለችኝ። ከማን ወገን እንደሆነች እስካሁን አልገባኝም።

ባለፈው እሑድ ረቂቁን አውጥቼ አነበብኩት። የባንክ ሠራተኛ መቁጠር ይወዳልና ቆጠርኩ፤ ባሕር የሚለው ቃል አሥራ አንድ ጊዜ ገብቷል። አንዴ ናፍቆት ነው፣ አንዴ ሞት ነው፣ ሁለት ጊዜ የሴት ዓይን ነው። አሥራ አንዱም ከሰው አፍ የተቀበልኳቸው ናቸው። ምናልባት ጥቂቶቹ እንደሆኑ ይቆዩ ይሆናል፤ ምናልባት አንዱም አይቆይ።

የምሄደው በጥር ነው፤ የግማሽ ዓመቱ ሒሳብ ከተዘጋና ጥምቀት ካለፈ በኋላ። ጅቡቲ አንድ ሌሊት፣ ታጁራ ሁለት ሌሊት፤ ከዚያ በላይ አቅሜ አይፈቅድም። ስሄድ በጀልባ፣ ስመለስ በመኪና፤ ሐይቁን ላየው። የፈቃድ መጠየቂያውን ቅጽ ትናንት ሞላሁ። «ሠራተኛው በፈቃድ ላይ ሳለ የሚገኝበት አድራሻ» የሚል መስመር አለው። ሁልጊዜ «ኢምፔሪያል፣ ቤቴ» እያልኩ የማልፈው ነው። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ የጻፍኩትን አንብበው ቀና አሉና፣ «ይሄ ደግሞ የት ነው?» አሉኝ።