መበጠስ ያለበት ገመድ

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እየተባለ ላደገ ሰው አስተማማኝ ገመድ ማለት ጠንካራ ገመድ ነው። ሞተር በሌለው አውሮፕላን፣ ማለትም በግላይደር፣ የሚበሩ ሰዎች ግን ሌላ ነገር ይማራሉ፦ የማይበጠስ ገመድ ሰው ይገድላል።

አብዛኛው ግላይደር በራሱ ኃይል ከመሬት አይነሳም። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ጀርመን ውስጥ ቫሰርኩፐ በተባለው ተራራ ላይ ሰዎች የላስቲክ ገመድ ይዘው ቁልቁል እየሮጡ እንደ ወንጭፍ ያስፈነጥሩት ነበር። ዛሬ የተለመዱት መንገዶች ሁለት ናቸው። አንዱ ዊንች ነው፤ ከሜዳው ጫፍ የቆመ ሞተር አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ገመድ በፍጥነት ይጠቀልላል፣ ግላይደሩም ሽቅብ ይወጣል። ሌላው በባለሞተር አውሮፕላን መጎተት ነው።

አደጋው እዚህ ላይ ነው። ከኋላ ያለው ግላይደር ከልክ በላይ ከፍ ካለ የጎታቹን ጭራ ወደ ላይ ይስበዋል፤ የጎታቹ አፍንጫ ወደ መሬት ይዞራል። ከፍታው ትንሽ ከሆነ ማስተካከያ ጊዜ የለም። ስህተቱን የሠራው ከኋላ ያለው ሆኖ ሳለ፣ ዋጋውን የሚከፍለው ከፊት ያለው ነው።

ስለዚህ ገመዱ ልክ ተበጅቶለታል። በአሜሪካ የበረራ ደንብ መሠረት ጥንካሬው ከግላይደሩ የተፈቀደ ከፍተኛ ክብደት ከ80 በመቶ ማነስ የለበትም፤ ከሁለት እጥፍ ከበለጠ ደግሞ ሆን ተብሎ ደካማ የተደረገ ማያያዣ ይገባበታል። ለ500 ኪሎ ግላይደር ከ400 እስከ 1000 ኪሎ ማለት ነው። ገመዱን የሚለቅ እጀታም በሁለቱም አብራሪዎች እጅ አለ። በአደጋ ጊዜ አንዱ ሌላውን ማስፈቀድ አይጠበቅበትም።

መበጠሱም የራሱ አደጋ አለው። በዊንች ሽቅብ እየወጣ ገመድ የተበጠሰበት ግላይደር ፍጥነቱን በሰከንዶች ውስጥ ያጣል። አብራሪው መጀመሪያ አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ፍጥነት ማግኘት አለበት፤ የት እንደሚያርፍ የሚያስበው ከዚያ በኋላ ነው። ለዚህም ተማሪው ብቻውን ከመብረሩ በፊት፣ አሠልጣኙ ሳያስጠነቅቀው ገመዱን እየለቀቀ ያለማምደዋል።

ማያያዣው ደጋግሞ ሲበጠስ ሥራ ይጓተታል፤ ወረፋ የያዘ ሰው ይነጫነጫል። ያኔ «ጠንከር ባለው እንቀይረው» የሚል አይጠፋም። ይህን ሐሳብ ከመቀበል በፊት ከፊት የተቀመጠውን ሰው ማሰብ ይገባል። የተበጠሰችው ትንሽ ብረት እሱን ማታ ቤቱ ያስገባችው ልትሆን ትችላለች።